ካፖርት የለበሰ ፍሳሽ

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ አርቪ በሚሉት የመኖሪያ መኪና ውስጥ የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ። በበጋ ያስቀናል። አከራይ የለበት፣ ጎረቤት የለበት፤ ሲያሰኘው ሐይቅ ዳር፣ ሲያሰኘው ጫካ ውስጥ ያድራል። ብርዱ ሲገባ ግን ጌትነቱ ያበቃና የገዛ ፍሳሹ አሽከር ይሆናል።

አርቪ ከወለሉ ስር ሦስት ታንከር ይሸከማል። አንዱ ለንጹሕ ውሃ፣ አንዱ ለእጣቢ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለምታውቁት ነገር። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ መስፋፊያ ሲያጣ ቧንቧ ይሰነጥቃል፣ ቫልቭ ይሰብራል። ሚኒሶታ ደግሞ ቀልድ አታውቅም፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ታወር በተባለችው ከተማ አጠገብ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል።

ስለዚህ ወዳጄ ከጥቅምት ጀምሮ መኪናዋን ያለብሳል። ነፋስ ከስር እንዳይገባ ከመኪናዋ ወገብ እስከ መሬት ዙሪያውን በፎም ያጥራል፤ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ትመስላለች። ታንከሮቹ ሆድ ላይ በ12 ቮልት የሚሠራ ማሞቂያ ይለጥፋል። መጸዳጃው ውስጥ ለአርቪ የተሠራውን ሮዝ አንቲፍሪዝ (ፀረ-በረዶ ፈሳሽ) ይጨምራል፤ ለመኪና ሞተር የሚሆነውን ግን መርዝ ስለሆነ አያስጠጋውም። የፍሳሹን ቫልቭ ከፍቶ አይተውም። ጠብ ጠብ የሚለው ማፍሰሻ ጎማው ውስጥ እየረጋ ይደፍነዋልና፣ እስኪሞላ ጠብቆ ባንዴ ይለቀዋል።

ከአዲስ አበባ ሊጠይቁት የመጡ አክስቱ ይህን ሁሉ አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ ራስህ እየተንቀጠቀጥክ ሽንት ቤት ታሞቃለህ?» አሉት።

«እትዬ፣ እኔን ቢበርደኝ ሻይ እጠጣለሁ፤ እሱን ከበረደው ግን ሻይ የጠጣ ሁሉ መሄጃ የለውም» አላቸው።

የባሰው ፈተና እንግዳ ነው። ሐበሻ ሳይታጠብ አይበላም፤ በልቶም ይታጠባል። ቡናው ደግሞ እስከ በረካ ነው። ሲኒ በተለቀለቀ ቁጥር የወዳጄ ዓይን ግድግዳው ላይ ወዳለችው የታንከር መለኪያ ይሄዳል። የመጨረሻዋ መብራት ስትበራ «ተጫወቱ እንጂ» ማለቱን ይተዋል። የወጥ ቅባት ቧንቧ ውስጥ እንዳይረጋም ሳህኑን በእንጀራ ጠርጋችሁ ብሉ ብሎ ይለምናል። እንግዶቹ ወጡ የጣፈጠ መስሏቸው ይደሰታሉ።

እና አርቪ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ስለ ቴሌቪዥኑ ስፋት ከመጠየቃችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ታንከሩ የተሸፈነ መሆኑን እዩ። ካልተሸፈነ፣ ጥቅምት ሳያልቅ ወደ ሞቃቷ አሪዞና ንዱ።