መኪናዬ በሰማይ

ሙዱላ ውስጥ ቤት ሲታደስ ምን እንደሚቀድም ለማወቅ ግንበኛ መሆን አያስፈልግም። ጣሪያው ያፈስ ይሆናል። እናትየዋ በጭስ በጠቆረ ማድ ቤት ዓይናቸውን እያሹ ይጋግሩ ይሆናል። ሽንት ቤቱ ከጓሮ ጥግ፣ በክረምት ጃንጥላ ተይዞ የሚኬድበት ይሆናል። ይደርሳል፣ ሁሉም በጊዜው ይደርሳል! መጀመሪያ መኪናው የሚያድርበት ጋራዥ ይሠራ። መኪናው የታለ? ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ትንሽ እምነት ይኑራችሁ።

እኔ በበኩሌ ከሚያደንቁት ወገን ነኝ። ሆሳዕናና ዱራሜ ባለ ጋራዥ ቪላ ሲደረድሩ ሙዱላ ምን በወጣት ትቀራለች? በ2015 ነሐሴ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ጠምባሮ ልዩ ወረዳ ነው ተብሏል፤ ሙዱላም ዋና ከተማው ናት። የልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ባጃጅና ሞተር ብቻ እያየች ልትኖር ነው? መኪናው እስኪመጣ ቢያንስ በሩ ይታይ።

የጋራዡ ትእዛዝ የሚመጣው ደቡብ አፍሪካ ካለው ልጅ ነው። ልጁ ጆሃንስበርግ ጂፒ ከሚባለው የሐበሻ ገበያ ዕቃ ይረከብና ሎኬሽን ወደሚሉት የከተማ ዳር ሠፈር ይገባል። ብርድ ልብሱንና አንሶላውን ተሸክሞ ከቤት ቤት እየዞረ በዱቤ ይሸጣል። ዱቤውን ሊሰበስብ ሲሄድ ደግሞ ገንዘቡን ይዞ መመለሱን የሚያውቀው አምላክ ነው። ማታ አንድ ክፍል ለአራት ከተከራዩበት ቤት በቪዲዮ ይደውላል። «አባዬ፣ የጋራዡን በር አሳየኝ እስቲ።» አባት ስልኩን ይዘው እየተደናቀፉ ይወጣሉ። ላሜራው ይታያል፣ ቀለሙ ይታያል፣ ከላይ የተሰካው የአንበሳ ጭንቅላት ይታያል። የአባትየው የእግር ሕመም በስልኩ አይታይም፤ ስለዚህ ለሱ የሚላክ የለም።

ምቀኞች «ስሌቱ አይገጥምም» ይላሉ። እስቲ እናስላው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና የመኪናው ዋጋ ከነበረበት ሰማይ ሌላ ሰማይ ወጣ። ደካማ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ለማድ ቤቱ ጭስ ማውጫ ይሠራ ነበር። የኛ ሰው ግን ቆራጥ ነው፤ መኪናው በራቀ ቁጥር ጋራዡን ያሰፋዋል። በቪትዝ ልክ የተጀመረው መሠረት ለኮሮላ ተገፋ፣ ማገር ላይ ሲደርስ ላንድክሩዘር ሆነ። ሕልም ኤክሳይዝ አይከፈልበትም። የኤሌክትሪክ መኪና እንደሆነም ታስቦበታል፤ ግድግዳው ላይ ሶኬት አለ። እስከዚያው መብራት በመጣ ጊዜ የሠፈሩ ስልክ ይሞላበታል።

ቦታው ከየት መጣ? ከጓሮው እንሰት ነዋ! እንሰት እኮ ለመድረስ አራት አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ዝናብ ሲጠፋ የእህል ማሳው ሲከስል እሱ ቆሞ ይጠብቃል። ቆጮው፣ ቡላው፣ ቃጫው፣ ለከብት የሚሆነው ቅጠሉ፣ ሁሉም ከአንድ ተክል ነው። እንዲህ ያለ ኋላ ቀር ነገር የላንድክሩዘር መዞሪያ ላይ ሲቆም ዝም ይባላል? ተነቀለ፣ ኮንክሪት ተሞላ። ቆጮው አሁን ከገበያ ይገዛል፤ መግዣው ከጆበርግ ይላካል።

አያቶቻችን ሞኞች ነበሩ መሰለኝ። በክቡ የሣር ቤታቸው አንዱን ጎን ለከብት ይለቁ ነበር። ላሚቱ ቤቱን ታሞቃለች፣ ትታለባለች፣ እበቷ ተጠርጎ እንሰቱን ያደልባል። በእጅ ያለን ንብረት ቤት ውስጥ ማሳደር እንደ ቁም ነገር ተይዞ ኖሯል! ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት በብሎኬትና በፌሮ መገንባት የቻልነው እኛ ነን።

ከሁሉም የሚደንቀኝ የአየር ማስገቢያው ነው። ጋራዡ ሁለት መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ በላይ ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ተደርድሮለታል። መኪናው እንዳይታፈን ነው። ልጁ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ ሲወርድ የተጫነበት መኪና መስኮት አልነበረውም። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ ላይ የቆመው ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። በጥቅምት 2015 ማላዊ፣ ምዚምባ ጫካ ውስጥ የወገኖቻችን የጅምላ መቃብር ተቆፍሮ ወጣ። ሰው መኪና ውስጥ ታፍኖ ሲያልቅ ለቅሶ የተቀመጠ አገር፣ መኪና ቤት ውስጥ እንዳይታፈን ቢጨነቅ ምን ነውር አለው?

ጋራዡ ባዶ ነው የሚሉትም ውሸታቸውን ነው። ዝንጅብሉ የሚሰጣው እዚያ ሴራሚክ ላይ ነው፤ እናትየዋ ግን አሁንም አፈር ላይ ቁጭ ብለው ይጋግራሉ። በቆሎው እዚያ ይከመራል፣ የእድሩ ወንበር እዚያ ያድራል፣ ዶሮዎቹም በላንድክሩዘር ወርድ በተንጣለለ ክፍል ተንደላቀው እንቁላል ይጥላሉ። ሁለት ተማሪዎች «ክፍል ይከራያል?» ብለው ቢጠይቁ ግን በቁጣ ይመለሳሉ፤ መኪናው ድንገት ቢመጣ የት ሊገባ ነው?

መስቀል ሲደርስ፣ ልጁ የመኖሪያ ወረቀት አግኝቶ የመጣ እንደሆነ፣ ከአዲስ አበባ መኪና ተከራይቶ ይገባል። ሠፈሩ እልል ይላል። በሩ ወለል ተደርጎ ሲከፈት በቆሎ፣ ወንበርና አንዲት የታቀፈች ዶሮ። ዶሮዋን ማን ያስነሳታል? ጫጩት ልታወጣ ሁለት ቀን ነው የቀራት። መኪናው ውጭ ጭቃ ላይ ያድራል፤ ጎማው እንዳይፈታ ዘበኛ ይቀጠርለታል።

ይህን ሁሉ በአጥር ቀዳዳ ያዩት ጎረቤት ተቃጠሉ። የማድ ቤታቸውን ግድግዳ አፍርሰው ባለ ሁለት መኪና ጋራዥ መሠረት እያስቆፈሩ ነው፤ እንሰቱም ሰሞኑን ተነቅሏል። የሁለተኛው መኪና ባለቤት ታናሽየው ልጃቸው ነው፤ ለጊዜው ሞያሌ ደርሷል።