አራቱ ዓይነት ተማሪዎች በመሥሪያ ቤት

ሰው ሁሉ በአንድ መንገድ ስለማይማር በአንድ መንገድ ሊሠራም ሆነ ሰዓቱን ሊያብቃቃ አይችልም የሚለው እምነት የመማር ስልት በሚባለው ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። በሰፊው ከታወቁት አከፋፈሎች አንዱን ኒውዚላንዳዊው ኒል ፍሌሚንግ ከኮሊን ሚልስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1992 አሳተመ። በዚህ አከፋፈል ተማሪ አራት ዓይነት ነው፤ በማየት፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ፣ እንዲሁም በመሥራት የሚማር። ሐሳቡ የተወጠነው ለመማሪያ ክፍል ቢሆንም ወደ መሥሪያ ቤት ለመግባት አልዘገየም። በር ላይ መታወቂያ የጠየቀውም የለም።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ነው። በተለመደው አሠራር ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት ደግሞ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ይሠራል። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ሲባል የምሳ ሰዓቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ይረዝማል። የደመረ ሰው 39 ያገኛል። አራቱ ዓይነት ሠራተኞች የሚለያዩት ይህ ሰዓት በምን በምን እንዳለቀ ሲጠየቁ ነው።

ባለ ዓይኑ ያላየው ነገር አይገባውም። ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚጀምረው የሳምንቱን ዕቅድ ሠንጠረዥ ውስጥ በማስገባት ነው፤ አስቸኳዩን ቀይ፣ ሊቆይ የሚችለውን ቢጫ፣ ያለቀውን አረንጓዴ ይቀባዋል። አረንጓዴው ለጊዜው ባዶ ነው። ቀለሙን ሲያደምቅና ሲያደበዝዝ የሻይ ሰዓት ይደርሳል። ከሻይ መልስ ቀዩ በዝቶ ዓይን ስለሚወጋ ግማሹ ወደ ብርቱካናማ ይዛወራል፤ በዚህም የአስቸኳይ ሥራው ብዛት በእጅጉ ይቀንሳል። ለዚህ ሠራተኛ የሚመከረው ዕቅዱን በአንድ ገጽ ጨርሶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። ጉዳቱ አለቃም ዓይን ያለው መሆኑ ነው።

ባለ ጆሮው ደብዳቤ ሲደርሰው አያነበውም፤ ተነሥቶ ጸሐፊው ዘንድ ይሄድና «ምን ለማለት ነው?» ይላል። ስብሰባ ለእሱ የተፈጠረ ነው። ጥሪው 3፡00 ሰዓት ይላል፤ ሰብሳቢው 3፡25 ይገባሉ። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል፤ በቃለ ጉባኤው ላይ አስተያየት ይሰጣል፤ በአስተያየቱም ላይ አስተያየት ይሰጣል። «ከእኔ በፊት የነበሩት ተናጋሪዎች ብለውታል» ብሎ የጀመረው ሰው ያሉትን አንድ ሳያስቀር ይደግመዋል። አጀንዳ አንድ ላይ የሚደረሰው 6፡20 ላይ ነው። ባለ ጆሮው ግን ሁሉን ሰምቷልና ረክቶ ይወጣል። ማስታወሻ ስላልያዘ ከምሳ በኋላ የተወሰነውን ለማወቅ በየቢሮው እየዞረ ይጠይቃል፤ ስብሰባው በችርቻሮ እንደገና ይካሄዳል ማለት ነው። መፍትሔው ከስብሰባ ሲወጣ ሁለት መስመር መጻፍ ነው።

ባለ ብዕሩ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት እንደ መመሪያ ይቆጥረዋል። የመሥሪያ ቤት አሠራር በእሱ አምሳል የተቀረጸ ስለሆነ ከአራቱ የሚደላው እሱ ነው። የአንድ ተራ የወረቀት ግዥ ጥያቄን ጉዞ መከተል ይበቃል። ኃላፊው ጠርዙ ላይ «ለግዥ፦ ይታይ» ብለው ይፈርማሉ። ግዥ ክፍል «ለፋይናንስ፦ በጀት መኖሩ ይረጋገጥ» ይላል። ፋይናንስ «ለዕቅድ፦ አስተያየት ይሰጥበት» ይላል። ዕቅድ ክፍልም «ለኃላፊ፦ ለውሳኔ ቀርቧል» ብሎ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። በዚህ ጊዜ ጠርዙ ሞልቶ መፈረሚያ ቦታ ስለጠፋ ሌላ ወረቀት ይቀጠልበት ይባላል። ወረቀት ደግሞ የለም፤ የተጠየቀውም እሱ ነው። ሁሉም አንብቧል፤ ሁሉም ጽፏል፤ ሰዓቱም ሄዷል። ለባለ ብዕር የሚበጀው «ይታይ» የሚለውን ቃል ለጊዜው አሳርፎ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ያድርግ የሚለውን መጻፍ ነው።

ባለ እጁ መመሪያ አያነብም፤ ነካክቶ ይማራል። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ሲነክስ ባለሙያ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ጎኑን ይከፍታል፣ ይፈታል፣ ያወጣል፣ ይገጥማል። መጨረሻ ላይ አንድ ብሎን ይተርፈዋል፤ እሱም «ድሮም ትርፍ ነበር» ይላል። ሥራ ቶሎ በመጀመር የሚቀድመው የለም፤ ሁለት ጊዜ በመሥራትም የሚደርስበት የለም። እንዲህ ላለው ሰው ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የቀየሰው ፖሞዶሮ የተባለ ዘዴ ይመከራል። ስሙ የቲማቲም ቅርጽ ካለው የማድ ቤት ሰዓት ቆጣሪ የመጣ ሲሆን፣ 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ ነው። ዘዴው በብዙ ቢሮዎች ሳይታወቅ ሲሠራበት ኖሯል፤ የተለዋወጠው የደቂቃዎቹ ቦታ ብቻ ነው።

ፍሌሚንግ ያልደረሰበት አምስተኛ ዓይነትም አለ፤ በአበል የሚማር። ይህ ሠራተኛ ሥልጠናው ቢሮ አጠገብ ከሆነ ሥራ ይበዛበታል። አዳማ፣ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ከሆነ ግን የመማር ፍላጎቱ በድንገት ይከፈታል።

አከፋፈሉ በዚህ አያበቃም። ዴቪድ ኮልብ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ አራት አቅርቧል፤ እንግሊዛውያኑ ሃኒና ማምፎርድም የራሳቸው አራት አላቸው። ፍራንክ ኮፊልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በብሪታንያ ባወጡት ጥናት 71 ዓይነት አከፋፈል ቆጥረዋል። 71 ባለበት አገር ማንም ሠራተኛ ለማርፈዱ የሚስማማ ስልት አያጣም።

እነዚህ ሁሉ ተመዝነው የተገኘው ውጤት ግን ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማስረጃውን መርምረዋል። ሰው የሚወደው የመማሪያ መንገድ እንዳለው አልካዱም። በሚወደው መንገድ ስለተማረ የበለጠ ያውቃል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ግን አላገኙም። በወጉ ከተደረጉት ጥቂት ሙከራዎች መካከልም ሐሳቡን የሚቃረኑ ነበሩ። ነገሩ ለዕለት ኑሮም እንግዳ አይደለም። ካርታ ለባለ ጆሮም ቢሆን ታይቶ ነው የሚገባው፤ መኪና መንዳትን በንባብ ብቻ የተማረ ባለ ብዕርም መንገድ ላይ ባይወጣ ለሁሉም ይበጃል። መንገዱን የሚመርጠው ሥራው ነው።

ሰዓት የሚበላው ነገርም ስልት አይለይም። ዳንኤል ካኔማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 የዕቅድ ስሕተት ያሉት ዝንባሌ ሰው ሁሉ ሥራው ከሚፈጀው ያነሰ ጊዜ የሚገምትበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን መቼ እንደሚጨርሱ የተጠየቁ ተማሪዎች በአማካይ 34 ቀን ያህል ገምተው ከ55 ቀን በላይ ፈጅቶባቸዋል። ከዚህ ላይ ሥራ የተመደበለትን ጊዜ እስኪሞላ ይለጠጣል ያለውን የፓርኪንሰንን የ1955 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ሲጨምሩበት፣ ዓመታዊ ሪፖርት ሰኔ 30 ማታ የሚጻፍበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ለሠራተኛ የሚተርፉ ምክሮች ጥቂት ናቸው። ለአንድ ሥራ ቀን ሲቆረጥለት መነሻው ባለፈው ጊዜ የፈጀው ቀን ይሁን፤ ምኞት መነሻ አይሆንም። ዕቅድ «ደብዳቤውን እጽፋለሁ» ከሚል «ማክሰኞ 3፡00 ሰዓት፣ ስልኩን አጥፍቼ እጽፋለሁ» ቢል የመፈጸም ዕድሉ ይጨምራል። ከሥልጠና የተመለሰ ሰው ሰርተፊኬቱን ከመስቀሉ በፊት ደብተሩን ዘግቶ የተማረውን ለማስታወስ ቢሞክር፣ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ትምህርቱ ይቆይለታል፤ ይህ በሙከራ ተረጋግጧል። ከባድ ሥራ ከስብሰባ በፊት እንጂ በኋላ አይመደብም፤ ስብሰባው መቼ እንደሚያልቅ ሰብሳቢውም አያውቁም።

ኮሪደር ላይ የቆመው ባለጉዳይ የሠራተኛው ስልት የትኛው እንደሆነ አይጠይቅም። «ነገ ይመለሱ» የሚለውን በማየትም፣ በመስማትም፣ በማስታወቂያ ሰሌዳም፣ በእግሩም ተምሮታል። እሱ የሚፈልገው ጉዳዩ መቼ እንደሚያልቅ ማወቅ ነው። ይህን በቀንና በሰዓት ነግሮ በተባለው ሰዓት የጨረሰ ሠራተኛ፣ ስልቱ የትኛውም ይሁን፣ ሰዓቱን አብቃቅቷል።