ጄኔሬተሩን ወደ አምደወርቅ

የቪዲዮ ጥበብ ከአዳራሽ ወጥቶ ሕዝብ መሃል መግባቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ሠዓሊው እዝራ ውቤ በ2015 እ.ኤ.አ. የመሠረተው የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል አጫጭር የሙከራ ሥራዎችን ለአዲስ አበባ መንገደኛ አሳይቷል፤ ጅማሬው ደፋር ነበር። የምሸሙጠው ከዚህ ወዲህ ፋሽን በሆነው አነጋገር ላይ ነው። «ጥበብን ለሕዝብ አደረስን» ይባላል። ሕዝቡ ማን ነው ቢሉ፣ ታክሲ የሚጠብቅ የከተማ ሰው ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ለሰባት ደቂቃ በግድግዳ ላይ ያያል፤ ታክሲው ሲመጣ ተጋፍቶ ይገባል። አዘጋጁም «ከማኅበረሰቡ ጋር ጥልቅ ውይይት ተካሄደ» ብሎ ለደጋፊው ኤምባሲ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ይጽፋል።

ስለዚህ ዝግጅቱ ወደ ዋግ ኽምራ ዞን፣ በተለይም ወደ ደሃና ወረዳ ይሂድልን። ለዚህ ጥበብ የተመቸ አገር ነው። ስክሪን ጨለማ ይፈልጋል፤ በሰሜኑ ጦርነት ዘመን ለረዥም ጊዜ መብራት የተቋረጠበት ዞን ጨለማን በነፃ ያቀርባል፤ አንድ ጄኔሬተር የወረዳው ከተማ አምደወርቅ ማድረስ ብቻ ነው የሚቀረው። «ሂደት ላይ ያለ ሥራ» የሚባለውንም ቢሆን ከዋግ ሰው በላይ የሚያውቀው የለም። የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ቃል የተገባበት፣ በዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ስም የተጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በዚያው በ2015 ሐምሌ ወር ይፋ ሆነ፤ ይፋ የሆነው ግን አዲስ አበባ ላይ ነው። ስሙን ያዋሰ አገር አንድ ምሽት ፊልም ቢያይ ይበዛበታል?

ካሜራ እንደሆነ ለዚያ ወገን ሰው እንግዳ አይደለም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በ1966 ዓ.ም. ቀርጾ ለእንግሊዝ አሳየ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ጋር አፈራርቆ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን ለቀቀው፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ከዚያ የበለጠ ውጤት ያመጣ የሙከራ ቅንብር ይህች አገር አላየችም። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም የቀረጸው ዓለምን አስለቀሰ። የተቀረጸው ገበሬ ግን በሁለቱም ጊዜ ከስክሪኑ ፊት አልነበረም፤ ተመልካች የመሆን ተራው ደርሶት አያውቅም።

«ለተራበ ሰው ፊልም ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ይህ ርኅራኄ የለበሰ ንቀት ነው። «አይገባውም» የሚለውማ ይብሳል፤ የውቅር መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ከአለት ፈልፍሎ ያወጣ ሕዝብ ብርሃንና ጥላ አይገባውም ማለት ድፍረት ይጠይቃል። «ሙከራ የመሳሳት ነፃነት ይሻል» የሚለው ክርክር እውነት አለው፤ እሱን በስቱዲዮም በባህል ተቋማት አዳራሽም መለማመድ ይቻላል። በሕዝብ ስም የሚምል ግን የሕዝብን ፍርድ መስማት አለበት፤ የተፈራውም ይኸው ይመስለኛል። የከተማው ተመልካች ያልገባው እንደሆነ አፍሮ ያጨበጭባል። በተረት ያደገ የደሃና ሽማግሌ ግን ቧንቧው ሰባት ደቂቃ ካንጠባጠበ በኋላ «ከዚያስ?» ይላል። «ትርጉሙን ለእናንተ ትቼዋለሁ» ቢባል፣ «ለእኛማ ብዙ ነገር ተትቶልናል፤ አንተ ምን ልትል ነው የመጣኸው?» ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ ባለሙያው የእንግሊዝኛውን ማብራሪያ አዲስ አበባ ትቶ፣ ለአማርኛውም ለአገሩ ቋንቋ ለኽምጣናውም ጥያቄ መልስ ይዞ ይምጣ። ናፍጣውም በርከት ይበል፤ ጥያቄው ከፊልሙ ይረዝማልና።