አቤት! በክር ተከበብኩ

በእኛ ቤት ሰው ከመሆን ዕቃ መሆን ይሻላል። የሻይ ማንቆርቆሪያው ሹራብ አለው። የሞባይሉ ቻርጀር ባለ ጆሮ ኮፍያ አጥልቋል። የሽንት ቤቱ ሶፍት ሳይቀር ባለ ዘርፍ ቀሚስ ለብሶ፣ አናቱ ላይ አሻንጉሊት ተክሎ፣ ሙሽራ መስሎ ይጠብቀኛል፤ እጄን ስሰድ ይቅርታ መጠየቅ ያምረኛል። የቤቱ አባወራ ግን በሐምሌ ዝናብ ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ለብሶ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ባለሙያዎች አሉኝ፤ አንዷ ባለቤቴ፣ አንዷ የልጅ ልጄ። የሁለቱም እጅ አያርፍም፤ ሁለቱም ግን ብርድ ለሚሰማው ፍጡር አይሠሩም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሰምቼ ነበር፤ አባወራም እንደሚያስር ግን ያስጠነቀቀኝ የለም።

ከባለቤቴ ልጀምር፤ የመጀመሪያው ጥፋት የእሷ ነውና። በእኛ ወጣትነት ባለሙያ የምትባል ልጃገረድ ኪሮሽ ከእጇ አይለይም ነበር። ደጅ ፀሐይ እየሞቀች ዳንቴል ትሠራለች፤ ቡናው እስኪፈላ ትሠራለች፤ እያማችም ትሠራለች። ንድፉን ከመጽሐፍ የምታገኝ ብርቅ ናት። ጎረቤት ቡና ስትጠራት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዳንቴል በዓይኗ ትለካለች፣ ቀዳዳውን በልቧ ትቆጥራለች፣ ማታ ቤቷ ገብታ ትደግመዋለች። ሌባ ናት ብሎ መክሰስም አይቻልም፤ የወሰደችው ቀዳዳ ነው።

ባለቤቴ ስታገባኝ አንድ ሻንጣ ሙሉ ዳንቴል ይዛ መጣች። ሶፋው ለበሰ፤ ኮመዲኖው ለበሰ፤ ቡፌው፣ ሬዲዮው፣ ስልኩ ለበሰ። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ቤት እስኪደርስ ብዙ ዘገየ፤ በደረሰ ማግስት ግን ዳንቴል ለበሰ። ጫፉ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ወደ መስኮቱ ስለሚወርድ የዚያን ዘመን ዜና አንባቢዎች ግንባር ምን እንደሚመስል አላውቅም። ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት ቴሌቪዥን ባለ ቀለም ሆነ ተብሎ አገር ሲያወራ፣ በእኛ ቤት ቀለም የቀየረው ዳንቴሉ ነበር፤ ነጩ ተነሣና ሮዝ ተተካ።

የሶፋው ነገር ከሁሉ ይብሳል። ደክሞኝ ራሴን ወደ ኋላ ሳስደግፍ፣ “ቀና በል እንጂ! ቅባትህ ዳንቴሌን ያበላሽብኛል” ትለኛለች። ይህ የወንበር መደገፊያ ልብስ ከየት እንደመጣ አጥንቻለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ወንዶች ጸጉራቸውን በዘይት ይቀቡ ነበር፤ ዘይቱ ወንበሩን ሲያበላሽባቸው ሚስቶቻቸው መደገፊያው ላይ ጨርቅና ዳንቴል ማንጠፍ ጀመሩ። ዳንቴሉ የተፈጠረው ራስ እንዲያርፍበት ነው! በእኛ ቤት ግን ራስ ተከለከለና ዳንቴሉ ዐረፈ።

እናቴም የክር ሰው ነበረች። ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ስታሾር ታመሻለች። ፈትሉ ሲበቃ ለሸማኔ ይሰጣል፤ በአራት ድርብ ጋቢ ሆኖ ተመልሶ አባቴ ትከሻ ላይ ያርፋል። የክሩ መድረሻ የታወቀ ነበር። ይህን ለባለቤቴ ባነሣባት፣ “ሐረር ሄደህ አላየህም? ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስፌት ሁሉ እህል ይሰፈርበታል?” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የሐረሪ ቤት ግድግዳ በስፌት ማማሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን የሐረሩ ስፌት ቦታው ላይ ተሰቅሎ ይታያል እንጂ ባለቤቱን ከመቀመጫው አያስነሣም።

ዳንቴሉን እንደምንም ለመድኩት። ጡረታዬን በሰላም አሳልፋለሁ ስል የልጅ ልጄ ኪሮሽ ስልኳ ላይ በቪዲዮ ተማረች። ክሩ ወፈረ፤ ቀለሙ በዛ፤ ሥራውም “ፕሮጀክት” ተባለ። ከጃፓን የመጣ አሚጉሩሚ የሚሉት የአሻንጉሊት አሠራር አለ፤ በኪሮሽ ዙሪያውን እየቆጠሩ ይሠሩና ሆዱን በጥጥ ጠቅጥቀው ዓይን ይሰኩለታል። ያስመረረኝ ዓይኑ ነው። ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስነሣ ቡፌው ላይ የተደረደረው ቁልቋል፣ አቮካዶና ቀንድ አውጣ አፍጥጦ ያየኛል። አሁን አቮካዶ ዓይን ምን ያደርግለታል?

ብናገር መልስ አታጣም። በኪሮሽ የሠራችውን ኦክቶፐስ ስነቅፍባት፣ “አባባ፣ ይሄ እኮ ለሕፃናት ነው” አለችኝ። ለካ በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የኪሮሽ ኦክቶፐስ መሥራት ተጀምሯል፤ ጨቅላው የኦክቶፐሱን እግር ሲጨብጥ እትብቱን ያስታውሰዋል ብለው ነው። በዚህ አልከራከርም፤ ሕፃን ይያዘው። እኛ ቤት ግን ሕፃን የለም፤ ኦክቶፐሱ የያዘው የእኔን ትራስ ነው።

ዳርና ዳሩ እንደ ሰላጣ ቅጠል የተሸበሸበ ነገር ሠርታ ደግሞ፣ “ሒሳብ ነው” አለችኝ። በ1997 እ.ኤ.አ. ዳይና ታይሚና የምትባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሰው፣ በወረቀት ለማሳየት የሚያስቸግረውን ሃይፐርቦሊክ የሚባል የጂኦሜትሪ ገጽ በኪሮሽ ሠርታ ተማሪዎቿን በእጃቸው አስዳስሳለች። እሺ፣ ሒሳብ ይሁን። ታዲያ ሒሳብ ከሆነ የእኔ ኮፍያ መስቀያ ላይ ምን ይሠራል?

የፔንግዊኑን ነገር ስሰማ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። አውስትራሊያ፣ ፊሊፕ ደሴት አካባቢ፣ ከመርከብ የፈሰሰ ዘይት ትንንሾቹን ፔንግዊኖች ሲበክላቸው ላባቸውን በመንቆራቸው ሲያጸዱ መርዙን ይውጡታል። ታጥበው እስኪነጹ ድረስ ሹራብ ያለብሷቸዋል። ጥሪው በተሰማ ጊዜ ከዓለም ዙሪያ የመጣው ሹራብ ከወፎቹ በዛና ትርፉን ለአሻንጉሊት ፔንግዊኖች አልብሰው ለእርዳታ ገቢ ሸጡት። የታመመ ወፍ ማልበስ ጽድቅ ነው። አሻንጉሊቱም ተራ ደረሰው! የእኔ ተራ ከማን ቀጥሎ ነው? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለዚህ አይደል?

አሜሪካ ደግሞ ሂዩስተን ከተማ ማግዳ ሳዬግ የምትባል ሴት በ2005 እ.ኤ.አ. የሱቋን በር እጀታ ሹራብ አለበሰችው። አላፊ አግዳሚው ወደደላት፤ ወደ መንገድ ምልክት ብረት ተሻገረች፤ ከዚያ በየአገሩ ዛፉ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ አውቶቡሱ ሳይቀር ክር ተጠመጠመበት። ይህን ለልጅ ልጄ ማን እንደነገራት አላውቅም፤ የእኛን የግቢ በር በዓይኗ ስትለካ ግን አይቻታለሁ።

ይህን ሁሉ ስል ሥራውን አቃልላለሁ ያለ ካለ ተሳስቷል። ሹራብን ማሽን ከለመደው ቆይቷል፤ እንግሊዛዊው ዊሊያም ሊ የካልሲ መሥሪያውን የፈለሰፈው በ1589 እ.ኤ.አ. ነው። ኪሮሽን ግን እስከ ዛሬ የፋብሪካ ማሽን አልቻለውም። ቀለበቱን ከቀለበት ውስጥ እየሳበ የሚያወጣው የሰው እጅ ነው። ሱቅ ውስጥ በርካሽ የተሰቀለ የኪሮሽ ቀሚስ ካያችሁ፣ አንድ ቦታ አንዲት ሴት እጇ እስኪዝል ሠርታው ትንሽ ተከፍሏታል ማለት ነው።

በቀደም አንዲት ገዢ የልጅ ልጄን ሥራ ልትገዛ ቤታችን መጥታ ቀንድ አውጣውን አገላብጣ አየችና፣ ዋጋውን ስትሰማ፣ “ክር አይደል እንዴ!” አለች። ደሜ ፈላ። በዚህ ቤት በክር የማማረር መብት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ስንት ዓመት ቀና ብዬ ተቀምጬ ያገኘሁት መብት ነው። “እመቤቴ፣ ቀንድ አውጣው ይቀመጥ፤ ዓይኑን ለምጄዋለሁ” ብዬ ሸኘኋት። የልጅ ልጄ ስትስቅ ሰማሁ፤ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ስለዚህ ዳኝነት የምጠይቀው እነሆ። አንደኛ፣ ሶፋው ላይ አንዲት የራስ ማሳረፊያ ቦታ ያለ ዳንቴል ትለቀቅልኝ። ሁለተኛ፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ልብሱን ያውልቅ፤ ድምፅ ልቀንስ ስል ጣቢያ እየቀየርኩ ነው። ሦስተኛ፣ ከአሻንጉሊቶቹ ቀጥሎ ለእኔ ሹራብ ይታዘዝልኝ፤ ጆሮም፣ ዓይንም፣ ጅራትም የሌለው ይሁን። አራተኛው ለገዢዎች ነው፤ “ክር አይደል እንዴ” ያለ ሰው ኪሮሹና ክሩ ይሰጠው፤ እዚያው ተቀምጦ መዳፍ የምታህል ሠርቶ ያሳይ። ካቃተው የተጠራውን ዋጋ ሳይከራከር ይክፈል።