በአሮጌ መኪና ላይ የናፍጣ ሞተር ስለመጫን የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር፦ በዘይት ስለተሸፈነ አልተነበበም
ብርብር፣ ምዕራብ ዓባያ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ያልሰማህም ሞተርህን አጥፋና ስማ!

እኛ፣ ከሶዶ አርባ ምንጭ አስፋልት ዳር፣ ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠን በሰው መኪና ላይ ሐሳብ የምንሰጥ የብርብር ነዋሪዎች፤

አርባ ቁጥሩ ላንድክሩዘር በአገሩ በጃፓን ከ1984 እ.ኤ.አ. ወዲህ መሠራቱ የቀረ ቢሆንም፣ እኛ ዘንድ ግን ገና ጡረታ ያልተፈቀደለት ሠራተኛ በመሆኑ፤

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ በማድረጉ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በመከልከሉ፣ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና የመሞት መብቱን የተነጠቀ በመሆኑ፤

ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የ4.2 ሊትር የቤንዚን ሞተር ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ጨንጫ ከመግባቱ በፊት የባለቤቱን ኪስ የሚጨርስ በመሆኑ፤

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ሞተሩን በአውግስቡርግ አስነሥቶ ያስመሰከረው በ1897 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ከዓድዋ ድል በኋላ በዓመቱ በመሆኑና ይህ ጥበብ እስከ ብርብር ለመድረስ በቂ ጊዜ ያገኘ በመሆኑ፤

ሞተር የሚቀይረው ሰው ሁሉ «ሦስት ቀን ነው» ብሎ ጀምሮ መኪናውን ለዶሮ ማደሪያነት ሲያውል ዝም ብሎ ማየት ተገቢ ባለመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

ክፍል አንድ
ጠቅላላ

1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የናፍጣ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ወጪው ገና ባልተነገረበት ቤት ግን ባይጠቀስ ይመረጣል።

2. ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) «አሮጌ መኪና» ማለት ባለቤቱ ሊሸጣት ሲያስብ «ንጽሕት»፣ ሊያስጠግናት ሲመጣ «እንደምታያት ናት» የሚላት፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት ማንኛዋም ተሽከርካሪ ናት፤

ለ) «ቀላል ሥራ» ማለት ገና ያልተጀመረ ሥራ ነው፤

ሐ) «ነገ» ማለት መካኒኩ፣ በያጁ፣ ቶርኒተሪውና መብራቱ በአንድ ቀን የሚገኙበት ዕለት ነው፤

መ) «አማካሪ» ማለት ኮፈን ሲከፈት ሳይጠራ የሚመጣ ሰው ነው፤ የዚህ አዋጅ አውጪዎች በሙሉ በዚህ ፊደል ሥር ይጠቃለላሉ፤

ሠ) በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል።

3. የተፈጻሚነት ወሰን
ይህ አዋጅ ከአርባ ምንጩ ሲቀላ እስከ ዋጅፎ ባለው አስፋልት፣ ከአስፋልቱም ወደ ሙዝ ማሳው በሚወርደውና ወደ ደጋው በሚወጣው መንገድ ሁሉ ላይ ተፈጻሚ ይሆናል።

ክፍል ሁለት
ስለ ሞተር አመራረጥና ግዢ

4. ከቤት ስለመጀመር
ሀ) ቶዮታ ራሱ አርባ ቁጥሩን ላንድክሩዘር በናፍጣ ሞተርም ሲሸጠው ነበር። ስለዚህ ባለ ላንድክሩዘር ሩቅ ከመሄዱ በፊት ከዚያው ቤት ይጠይቅ፦ አራት ሲሊንደር ያለውን የ3.4 ሊትር 3ቢ፣ ስድስት ሲሊንደር ያለውን የ4 ሊትር 2ኤች፣ ወይም በ1990 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለውን የ4.2 ሊትር 1ኤችዜድ።

ለ) ላንድሮቨር ላይ የአይሱዙ፣ ጂፕ ላይ የሚኒባስ ሞተር መጫን አልተከለከለም። ሆኖም የሞተሩና የካምቢዮው የብሎን ቀዳዳ አይገናኝምና በመሐል የሚገባውን ወፍራም ብረት ቶርኒተሪ ይቁረጠው። በመዶሻና በጸሎት ተገጥሞ ከመሐሉ በፀጉር ያህል የሳተ እንደሆነ የካምቢዮው ዘንግ ቀን ቆጥሮ ይበቀላል።

5. ስለ ግዢ
አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርዶ ሞተር የሚገዛ ዜጋ የሚከተሉትን ይፈጽማል፦

ሀ) ሻጩ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት እጁን ብረቱ ላይ ያሳርፋል። ሞቆ ካገኘው ሻጩ ከእርሱ ቀድሞ ተነሥቶ ነበር ማለት ነው። ናፍጣ ሞተር የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አጥብቆ በማመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው ናፍጣው የሚነደው። 1ኤችዜድ አየሩን 22 እጥፍ ሲያምቅ የድሮው የቤንዚን ሞተር 8 እጥፍ አይሞላም። ስለዚህ ፋሻው ያለቀ ናፍጣ ሞተር ሲሞቅ ይሸነግላል፤ እውነቱን የሚናገረው በብርድ ነው፤

ለ) ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ያስከፍታል። ከዚያ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ነገር፣ ሻጩ «እንፋሎት ነው» ብሎ ቢምልም፣ ጢስ ነው፤

ሐ) ብርማ ቀለም የተቀባ ሞተር ንጹሕነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ በተጠርጣሪነት ይያዛል፤

መ) «ከዱባይ አሁን የወረደ» የተባለውን ሞተር የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ሳያይ አይከፍልም።

ክፍል ሦስት
ሞተሩን ተከትለው ስለሚመጡ ወጪዎች

6. መርህ
ሞተር ብቻውን አይመጣም። ማንኛውም ባለመኪና ለሞተሩ የያዘውን ገንዘብ ለሁለት ይከፍላል፤ ግማሹን ለሞተሩ፣ ግማሹን ከዚህ በታች ለተዘረዘሩት ያውላል። ገንዘቡን ሁሉ ሞተሩ ላይ ያፈሰሰ ሰው ሞተር አለው እንጂ መኪና የለውም።

7. ስለ ፍሬን
ሀ) የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረው የመሳብ ኃይል የፍሬን አጋዡን ያሠራ ነበር። አብዛኛው ናፍጣ ሞተር ይህን አይሰጥም። ስለዚህ ከዲናሞው ጋር የሚሽከረከር የቫኪዩም ፖምፓ መግጠም ግዴታ ነው።

ለ) ይህን ሳያሟላ ዶርዜ የወጣ ሹፌር የዳገቱን ሙገሳ ሳይጨርስ የቁልቁለቱን ስእለት ይጀምራል። ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይደርቅበታል፤ በሁለት እግሩ ቢቆምበትም አይታዘዘውም። ረዳቱም ድንጋይ ይዞ ከመኪናዋ ቀድሞ እንዲሮጥ አይገደድም።

8. ስለ ክብደት
ናፍጣ ሞተር አየር ሲያምቅ የሚፈጠረውን ያን ሁሉ ግፊት የሚችለው ብረቱ ወፍራም ስለሆነ ነው፤ ስለዚህም ይከብዳል። የፊት ባሌስትራ ላይ ተጨማሪ ቅጠል ይገባል። ፊቷን ወደ መሬት የደፋች መኪና ትሑት ናት ተብላ አትታለፍም።

9. ስለ ራዲያተር
በቆላው ፀሐይ ለሙሉ ጭነት የሚበቃ ራዲያተር ይገጠማል። ከራዲያተር የተቀዳ ውሃ የዓባያ ሐይቅን ቀለም ይዞ ከተገኘ ውስጡ ዝጓልና በዚያው ዕለት ታጥቦ ይለወጣል። ሐይቁ ቀለሙን ያገኘው ከደጋ ታጥቦ በሚወርድ አፈር ነው፤ ባለመኪናው ግን ይህን ምክንያት ማቅረብ አይችልም።

10. ስለ ነዳጅ
ሀ) የናፍጣ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ቤንዚን ወይም ውሃ ከገባበት ብረት ከብረት ይፋጫል። ስለዚህ ታንከሩ ወርዶ ይታጠባል፣ ውሃ የሚለይ ማጣሪያ ይገጠማል፣ የተረፈው ናፍጣ ወደ ታንከር የሚመለስበት ቱቦም ይዘረጋል።

ለ) መኪናዋን በቤንዚንነቷ የሚያውቋት ቀጂዎች እንዳይሳሳቱ የታንከሩ ክዳን ላይ «ናፍጣ» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል።

ሐ) «ለሙዝ መስኖ ነው» ተብሎ በጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ ማታ ማታ መኪና ውስጥ ሲገባ ቢታይ፣ ሙዙ መንጃ ፈቃድ እንዲያቀርብ ይጠየቃል።

11. ስለ ባትሪና ስለ ማጥፋት
ሀ) አንዳንድ የጃፓን ናፍጣ ሞተር 24 ቮልት ይፈልጋል፤ አሮጌዋ መኪና ግን የኖረችው በ12 ነው። ሞተሪኖው ስንት እንደሚል ሳይነበብ ገመድ ማገናኘት ክልክል ነው።

ለ) የድሮ ናፍጣ ሞተር ነዳጁ ካልተዘጋበት ቁልፍ ስለተነቀለበት አይጠፋም። የነዳጅ መዝጊያ ገመድ ወይም ሶሌኖይድ ይገጠምለታል። አራተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን በመልቀቅ ማነቅ፣ በተለይ ሽማግሌ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ነውር ነው።

ክፍል አራት
ደጋ ስለመውጣት

12. ስለ ጢስ
ሀ) ብርብር ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ጨንጫ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ይተዋል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ቆላ ላይ የተስተካከለ ፖምፓ ግን ይህን አያውቅምና እንደ ልማዱ ናፍጣውን ይለቃል፤ ያልነደደውም ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል።

ለ) ስለዚህ «ጉልበት እንዲጨምር» ተብሎ የፖምፓውን ብሎን መፍታት ክልክል ነው። የሚጨምረው ጢሱና ወጪው ነው። የጨንጫ ፖም ገበሬ ምርቱን ለገበያ የሚያቀርበው ጥላሸት ሳይቀባ ነው።

13. ስለ ፍጥነት
ናፍጣ ሞተር ቀስ ብሎ እየዞረ ይጎትታል። ዲፈረንሻሉ ካልተለወጠ መኪናዋ ዳገት ላይ ትከበራለች፣ አስፋልት ላይ ትቀደማለች። ሙዝ የጫነ አይሱዙ ጥሩምባ እየነፋ ሲያልፈው የተናደደ ሹፌር ወደዚህ አንቀጽ ይመለስና ያንብብ።

ክፍል አምስት
ስለ ሰነድ

14. ስለ ሊብሬ
ሀ) በሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር አለ። ሻንሲው ያው ነው፤ ሞተሩ ግን እንግዳ ነው። ባለቤቱ የሞተሩን የግዢና የጉምሩክ ወረቀት ይዞ ለውጡን ያስመዘግባል።

ለ) ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ ሲቀርብ «ቁጥሩ በዘይት ተሸፍኗል» ማለት ለአዋጅ እንጂ ለሞተር አይሠራም።

ሐ) የአሮጌውን ሞተር ቁጥር ቀርጾ አዲሱ ላይ በብየዳ የሚለጥፍ ሰው በእኛ አግዳሚ ላይ ዳግመኛ አይቀመጥም። መኪናዋን ለመሸጥ በወጣ ዕለት፣ ወይም አደጋ በደረሰ ዕለት፣ ከሰነዱ ጋር የማይገጥም ሞተር ባለቤቱን በራሱ ንብረት ላይ ባዕድ ያደርገዋል።

15. ስለ ኤሌክትሪክ
«ለምን አንደኛችንን የኤሌክትሪክ ሞተር አንጭንም?» የሚል ጥያቄ ከወጣቶች ቀርቧል። ጥያቄው ተገቢ ሆኖ ስለተገኘ መብራት በመጣ ዕለት ይታያል።

ክፍል ስድስት
ስለ ጠብና ዕርቅ

16. በባለመኪናና በመካኒክ መካከል
ሀ) ጠብ የሚነሣው ከሥራው ሳይሆን ከስምምነቱ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ፍሬኑ፣ ራዲያተሩ፣ ገመዱና ብየዳው በማን ሒሳብ እንደሆነ በወረቀት ይጻፋል። «በኋላ እንነጋገራለን» ያሉ ሰዎች በኋላ የሚነጋገሩት በጩኸት ነው።

ለ) ጉዳዩ ወደ ዱቡሻ፣ ማለትም ወደ ጋሞ አባቶች ሸንጎ፣ የሚወጣው ሁለቱም ወገኖች መኪናዋን አይተው ዝም ማለት ካቃታቸው ብቻ ነው።

ሐ) በመስከረም 2011 ዓ.ም የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው ለበቀል የተነሣሣውን ወጣት አርባ ምንጭ ላይ መልሰዋል። ያ ሣር የሰው ሕይወት አትርፏል። ስለዚህ በካምቢዮ ጠብ አባቶችን ማንበርከክ ፍጹም ክልክል ነው፤ ተጣዪዎቹ ሻይ ጠጥተው ይታረቁ፣ ሒሳቡንም እኩል ይክፈሉ።

ክፍል ሰባት
ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች

17. ቅጣት
ሀ) ፍሬን ሳያሟላ ሰው የጫነ፣ መኪናዋ ተወስዳ እርሱ በእግሩ ጨንጫ ወጥቶ ይወርዳል፤

ለ) ሥራው ሳያልቅ «አልቋል» ያለ መካኒክ በመጀመሪያው የሙከራ ጉዞ ላይ ከሹፌሩ ጎን ይቀመጣል፤

ሐ) አማካሪ ምክሩ ሲከሽፍ ከአካባቢው የተሰወረ እንደሆነ የሚገፋ ሰው ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚፈለገው እርሱ ይሆናል።

18. የመሸጋገሪያ ድንጋጌ
ይህ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ሞተሯ ወርዶ በድንጋይ ላይ የቆመች መኪና እስከሚቀጥለው የማንጎ ወቅት ጊዜ ተሰጥቷታል። በሞተሩ ቦታ ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ከተገኘች ጊዜው ጫጩቶቹ እስኪያድጉ ይራዘማል።

19. የተሻሩ ልማዶች
«ድሮ እንዲህ ነበር የምንሠራው»፣ «ሽቦ ያዝበት» እና «እግዜር ያውቃል» የሚሉት አሠራሮች ፍሬንንና መሪን በሚመለከት ተሽረዋል። በሌላው ነገር ላይ እንደጸኑ ይቆያሉ።

20. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ሞተሩ ሳይገፋ በመጀመሪያው ቁልፍ ከተነሣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ሕዝቡ ከኋላ በኩል ተሰልፎ በመግፋት እንዲተባበር እናሳስባለን።