ሩብ ጋሻ ለአዋጁ፣ ጓሮ ለገበሬው

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ የደርግ ካድሬ አሉን፤ ክርክር ካላገኙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

«በእኛ ጊዜ ሀብታምና ድሃ እኩል ነበር!»

«አዎ ጋሼ፣ የስኳር ሰልፍ ላይ።»

ቅር አይላቸውም፤ አዋጅ ይመዛሉ። «የካቲት 25 ቀን 1967! አዋጅ ቁጥር 31! ከ10 ሄክታር በላይ መሬት የሚይዝ እንዳይኖር አልን!»

«10 ሄክታር እኮ ሩብ ጋሻ ነው። ወላይታ ውስጥ ዛሬም ብዙው ገበሬ ከግማሽ ሄክታር አይዘልም፤ ከእንሰቱ ጓሮ ወጣ ሲል የጎረቤት ማሳ ይረግጣል። ለመላጣ ‹ጸጉርህን ከወገብህ በታች እንዳታስረዝም› ብላችሁ አወጃችሁ?»

«ጭሰኛውንስ ማን ነጻ አወጣው?»

እዚህ ላይ አፌን እይዛለሁ። የወላይታው ንጉሥ ጦና በ1887 ከተሸነፉ ወዲህ በወላይታ ገበሬ ጫንቃ ላይ የኖረው ገባርነት ቀልድ አይደለም። ምርቱን ከባላባት ጋር መካፈል መቅረቱን ያየ ሰው ቢጨፍር እውነቱን ነው። ግን ዝም ብዬ መቅረት አልወድም።

«ጋሼ፣ ገበሬው በቆሎውን ለማን ሸጠ?»

«ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት።»

«በስንት?»

«መንግሥት በተመነው።»

«ሶዶ ገበያ ዋጋው ቢሻልስ?»

«ኮታውን ሳያሟላ ገበያ ምን ይሠራል?»

«ባላባቱ ሄደ እንጂ ቁናው አልሄደማ! ኮታ ያጠረበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክብ ነበር። እንዲህ ያለ ከሳሪ ከበርቴ የት አገር አለ?»

«ቢያንስ ሰው በሰው ጉልበት እንዳይከብር ቅጥር ከልክለናል!»

«መሬት ያጠረው የወላይታ ልጅ አዋሽ ወርዶ የመንግሥት እርሻ ላይ ጥጥ ሲለቅምስ?»

«እሱ ብዝበዛ አይደለም።»

«ለምን?»

«አሠሪው መንግሥት ነዋ!»

«አሃ፣ የመንግሥት ጥጥ ወገብ አያጎብጥም።»

ወደ ከተማ ዞሩብኝ። «ሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ወርሰን ኪራይ ቀነስን!»

«ቀነሳችሁ፤ የቀበሌ ቤት ኪራይ ግን ለቆርቆሮ አልበቃ አለ። ጣሪያው ሲበሳ ዝናቡ ሁሉንም ተከራይ እኩል መታ። ይህችን እኩልነት አልክድም።»

ሳቁ። ሳቃቸው ደግሞ አያስተማምንም።

«አንተ ልጅ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማን ነው?»

«የመንግሥትና የሕዝብ።»

«መሸጥ ይቻላል?»

«አይቻልም።»

«እንግዲያው አዋጄን መልስልኝ!»