የአንዲት የቀበና ሴት የዘር ሐረግ የሚጠፋበት መንገድ

ከእንጦጦ በሚወርደው በቀበና ወንዝ ዳር በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የኖረችን ቅድመ አያት የዘር ሐረግ ለማጥፋት የሚሻ ሰው አስቀድሞ የአባቷን ስም ብቻ ይዞ ሽቅብ መቁጠር ይገባዋል። ኢትዮጵያዊት ብታገባም የአባቷን ስም ስለማትለውጥ ቆጠራው ቀላል ነው፤ የአርበኛዪቱ የወይዘሮ ከበደች ሥዩም ሐረግ በልዑል ራስ ሥዩምና በራስ መንገሻ በኩል በሦስተኛው ስም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘንድ ይደርሳል፤ የወለዷቸው እናቶች ግን አንዳቸውም አይነሡም።

የክርስትና ስሟንም መጠየቅ አያስፈልግም። ካህናት በፍትሐትም በተዝካርም (ለሙታን በሚደረገው መታሰቢያ) የሚያነሡት ይህንኑ ስም በመሆኑ፣ በቤት የሺ የምትባለው ሴት በደብሯ ወለተ ማርያም ሆና ሳትታወቅ ትቀራለች።

ከሁሉ የከፋውን ጥፋት የሚያደርሰው ግን የርስት ክርክርን መናቅ ነው። ርስት ከእናትም ከአባትም ወገን የሚወረስ የመሬት መብት ሲሆን፣ በጎጃምም ሆነ በጎንደር ተከራካሪው መሬቱን መጀመሪያ እስከ ያዘው አቅኚ ድረስ በሴትም በወንድም ቆጥሮ መብቱን ያስረዳ ስለ ነበር፣ የሴት አያቶች ስም በሽማግሌዎች አፍ ተጠብቆ ኖሯል፤ ወደ ቀበና የመጣችው ሴት ከተማ ብትገባም ስሟ በአገሯ ቆጠራ ውስጥ ይቀራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ስላስቀረ፣ ቆጠራውን የሚያውቁት ዛሬ ያረጁ ናቸው፤ ወደ እነርሱ የሚደረገውን ጉዞ ለከርሞ ማሳደር ብቻውን ሐረጉን ለመበጠስ ይበቃል።

የጣሊያን መዝገብ ከተገኘም ዓመቱን እንዳለ መቅዳት ነው፤ መዝገቡ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚጻፍ ልደቷ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዛነፋል፤ ጠ እና ተ በላቲን ፊደል ስለማይለዩም ስሟ የሌላ ሴት ስም ሊመስል ይችላል።

በመጨረሻም ስለ ልጇ አባት አለመጠየቅ ነው። በግንቦት 1932 ዓ.ም. የወጣው የጣሊያን ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከኢትዮጵያዊት የወለደውን ልጅ እንዳይቀበልና ስሙንም እንዳይሰጠው ከለከለ፤ እንዲህ ያለው ልጅ በእናቱ አባት ስም በተጠራ ጊዜ እናትና ልጅ የአንድ አባት ልጆች ይመስላሉ፤ ጠያቂውም በሚሥለው የትውልድ ሰንጠረዥ ላይ አምጣ የወለደችውን እናት የልጇ እኅት አድርጎ ያሰፍራታል።